ፏፏቴው ይቅር

እህቴ ልጅ ሳለች የቤታችንን ቧንቧ ፈታታ ወጥ ቤቱን ኩሬ አደረገችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ቧንቧ» የሚል ስም አወጣሁላት፤ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ። ዛሬ የውሃና ፍሳሽ መሐንዲስ ናት። ፈቃድ አላት፣ ማኅተም አላት፣ ጭቃ የለመደ ቦት ጫማ አላት። ታላቄ ናትና ሰው ፊት «እትዬ» እላታለሁ። ሁለታችን ብቻ ስንሆን ግን ያው ቧንቧ ናት። እሷም ፎቶኮፒ ቤት ስላለኝ «ወረቀት» ትለኛለች።

ፎቶኮፒ ቤቴ ከጡረታ መሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ መንገዱን መሻገር ብቻ ነው። ሁለት ማሽን፣ አንድ ጠረጴዛና ጉርድ ፎቶ የማነሳበት አንድ በርጩማ አለኝ። ጓሮ ደግሞ አንዲት ጠባብ ሽንት ቤት አለች። ቁልፏ እንዳይጠፋ ከትልቅ እንጨት ጋር አስሬ ምስማር ላይ ሰቅየዋለሁ። ከማሽኖቹ ይልቅ ሥራ የሚበዛበት ይሄ ቁልፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አንድ ከረባቱን አሳምሮ የሚያስር ሽማግሌ አለ፤ ይመጣና የሚገለበጥ ወረቀት እንዳለው ሁሉ ደረት ኪሱን ይዳብሳል። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «ልጄ፣ እንደው ይቅርታ…» ይልና ይቆማል። የቀረውን አላስጨርሰውም፣ ቁልፉን እሰጠዋለሁ።

መሥሪያ ቤቱ ሽንት ቤት አጥቶ አይደለም። ፎቅ ላይ የሠራተኞች አለ። ኃላፊው ለብቻው ቢሮው ውስጥ አለው። ምድር ቤት፣ አዳራሹ ጥግ ላይም ድሮ የባለጉዳይ የነበረ ሰፊ ክፍል አለ። ወንበር ሲሰበር እዚያ ተከተተ፣ ጠረጴዛ እግሩ ሲወልቅ እዚያ ተከተተ፤ በመጨረሻ ሰው መግቢያ ሲያጣ በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠለጠለ። ባለጉዳዩ እንግዲህ ሁሉም በዕድሜ የገፋ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ተራ ይጠብቃል። መስኮቱ ጋ ስሙ ሲጠራ ያልተገኘ ሰው ደግሞ ተራው ያልፈዋል፤ ነገ ይምጣ ይባላል። ይሄን ሳስብ አሁንም ቆሽቴ ያርራል።

አባታችን የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሲስቅ ሦስተኛ ቤት ይሰማል። ጢሙን ሳይላጭ ከደጅ አይወጣም፣ ዳማ ሲጫወት ተሸናፊውን ካላበሸቀ እንቅልፍ አይወስደውም። እናታችን ካለፈች በኋላ እንኳን ያ ሳቁ አልጠፋም ነበር። አንድ ቀን የጡረታ ወረቀቱን ሊያሳድስ ሄደ። ወረፋው ላይ እያለ ሽንቱ መጣና ጥበቃውን ጠየቀ። ጥበቃው «ለሠራተኛ ብቻ ነው አባቴ» አለው። እኔ ጋ እንዳይሻገር ተራው ሊያልፈው ሆነ። እችለዋለሁ ብሎ ቆመ። አልቻለም።

እኔ ፎቶ እያነሳሁ ነበር። ቀና ስል አባባ በሩ ላይ ቆሟል፤ ኮቱን አውልቆ ከፊቱ ይዞታል። ፊቱን ሳየው ነገሩ ገባኝ። ደንበኛዬን በምን ሰበብ እንዳስወጣሁት አላስታውስም። አባባ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ለእህትሽ እንዳትነግሪ» አለኝ።

ነገርኳት እንጂ። እንዲህ ያለ ነገር ለብቻዬ ሆዴ አይችለውም። ቧንቧ ሰማችኝና ተነስታ የታጠቡትን ብርጭቆዎች እንደገና ማጠብ ጀመረች። አባባ ከዚያ ወዲህ ከቤት መውጣት አቆመ። የዳማ ጓደኞቹ መጥተው ቢጠሩት «እግሬን አሞኛል» አላቸው። እግሩ ደህና ነበር። የጡረታ ወረቀቱም ባለቤቱ ራሱ ካልቀረበ አይታደስምና ተንጠልጥሎ ቀረ። ስንለምነው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

አሁን ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ ወደተሰጠው ስጦታ ልምጣ። የእህቴ ሥራ አስኪያጅ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ነው፣ አብረው የተማሩ። እሱ የሚመራው የመሐንዲሶች አማካሪ ድርጅት በየዓመቱ ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ ክፍያ ይሠራል፤ ንድፍ ይነድፋል፣ ሥራውንም ይቆጣጠራል። በጎነቱን አልክድም። ግን የጡረታ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ፎቅ ሊያሠራ ማሰቡን ከተማው ሁሉ ያውቀው ነበር። ሥራ አስኪያጁም ያን ዓመት ድንገት ለጡረተኞች ፍቅር አደረበትና አዳራሻቸውን በነፃ አድስላችኋለሁ አለ። ዕቃና ጉልበት ከመሥሪያ ቤቱ ጥገና ክፍል፣ ዕውቀት ከድርጅቱ ሆነ።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ምን ጠየቀ? ፏፏቴ። ሆቴል ውስጥ አይቶ ወድዶት ኖሯል፤ በጥቁር ድንጋይ ግድግዳ ላይ ውሃ እየተንፎለፎለ የሚወርድበት፣ ከሥሩ መብራት ያለው። «ባለጉዳይ ሲጠብቅ መንፈሱ ይረጋጋል» አለ አሉ። እኔ ይሄን ስሰማ ዕንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ደሜ ፈላ። መሄጃ አጥቶ እግሩን የሚያቆላልፍ ሽማግሌ ፊት ቀኑን ሙሉ ውሃ ሊያፈሱበት!

ድርጅቱ ውስጥ ሥራውን የፈለገ አልነበረም። የነፃ ሥራ በዓመቱ መጨረሻ የደረጃ ዕድገት ሲሰጥ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ሁሉም አንገቱን ይደፋል። እጇን ያወጣችው ቧንቧ ብቻ ናት። ሥራ አስኪያጁ ደስ አለው። ምስኪን፣ ለምን እንደፈለገችው አልጠየቃትም።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ፎቶ አንሺ ብለው ጠርተውኝ። አዳራሹ ውስጥ ከወረፋው ፈንጠር ብሎ ጠረጴዛ ተዘረጋ። ኃላፊው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። እህቴ ንድፏን ዘርግታ ረጋ ብላ ጀመረች።

«ዋናው የውሃ መስመር የሚገባው በዚያ በተቆለፈው ክፍል በኩል ነው። ዝጎ አልቋል፤ ካልተቀየረ ምንም ነገር አይሠራም። ስለዚህ ውሃ እንዘጋለን። ክፍሉ ባዶ ሆኖ መስመሩ እስኪቀየር ድረስ ሕንፃው በሙሉ ውሃ አይኖረውም። የእርስዎም ቢሮ ጭምር።»

ኃላፊው ስልኩን በእጁ ከለል አድርጎ «እሺ፣ እሺ፣ እንዳመቻችሁ» አለ። ለሚከፈልበት ሥራ ቢሆን ጠበቃ ጠርቶ ነበር። የነፃ ነውና ማን ይሰማል?

«ሌላም አለ» አለች። «ጥገና ክፍል ያለው ዕቃ የሚበቃው ለአንዱ ነው። ወይ ለፏፏቴው፣ ወይ ለባለጉዳይ ሽንት ቤት። እኔ የነደፍኩት ሽንት ቤቱን ነው።»

አሁን ስልኩ ወረደ። «ሽንት ቤት ማን ጠየቀ?»

«በየቀኑ ይጠይቃሉ። ጥበቃው ይመልሳቸዋል።»

«እመቤቴ፣ ብንከፍትላቸው ያቆሽሹታል። ይሄ መሥሪያ ቤት ነው፣ መናኸሪያ አይደለም።»

«መናኸሪያ እንኳን ሽንት ቤት አለው።»

ሥራ አስኪያጁ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጣት። ቦት ጫማ መልበሷን ረስቶታል። ኃላፊው ፈገግ ለማለት እየሞከረ «ስጦታ የሚሰጥ ሰው እኮ መጀመሪያ ተቀባዩን ምን ትወዳለህ ብሎ ይጠይቃል» አለ።

«ቢከፍሉኝ ኖሮ የሚወዱትን እሠራ ነበር» አለች እህቴ። «አይከፍሉኝም።»

ጨዋታ መሰለውና ሳቀ። «ፏፏቴውን ይጨምሩበትና ያምጡት» ብሎ ተነሳ፤ እኔም ፎቶውን አነሳሁ። ሁሉም ጥርሱን ከፍቷል፤ እሷ ብቻ ጓጉንቸሩን ታያለች። ፎቶውን አሳጥቤ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ ሌላ መሐንዲስ ሊተካባት ሞከረ። አንዱ ወገቤን አለ፣ አንዷ ልጄን ልድር ነው አለች፣ አንዱ ጭራሽ ስልኩን ዘጋ። ለሚከፈልበት ሥራ እርስ በርሳቸው የሚሻሙ ሰዎች ለነፃው ሲሆን ባንዴ ታመሙ። እናም ቧንቧ በቦታዋ ቀረች፤ ፏፏቴም አልጨመረችም።

የጥገና ሠራተኞቹ ግቢው ውስጥ ዋናውን መስመር ቆርጠው ወደ ክፍሉ ሲሄዱ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። የተሰበረ ወንበር የመንግሥት ንብረት ነው፤ የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ ካልፈቀደ ከክፍሉ አይወጣም። ኮሚቴው የታለ? ሰብሳቢው ጡረታ ወጥቷል። ምትኩስ? አልተሾመም። እንግዲህ ሌላ ሰብሳቢ እስኪሾም ወንበሮቹ ባሉበት ይቀመጣሉ፤ ውሃውም እንደተቆረጠ ይቆያል ማለት ነው።

የፎቅ ሠራተኞች መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ቀጥሎ አፍንጫቸውን ያዙ፤ ከዚያ መንገዱን እየተሻገሩ ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ። ያቺ ባለ እንጨት ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ማረፊያ አጣች። ቤቴ ደጃፍ ላይ ሌላ ወረፋ ተሠራ፤ ከሥራ ልብሱ ጋር የቆመ የመስኮት ሠራተኛ ከራሱ ባለጉዳይ ኋላ።

አንድ ቀን ጠዋት ኃላፊው ራሱ መጣ። ሰው እንዳያየው በፈጣን እርምጃ ተሻግሮ ገባና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«እህቴ፣ እንደው ይቅርታ…»

የቀረውን ለማንም አስጨርሼ አላውቅም። እሱን ግን አስጨረስኩት።

«ይቅርታዎ ለምንድን ነው ጌታዬ?»

ዙሪያውን አየ። «ያው… ቁልፉን ፈልጌ ነበር።»

«እሱማ ለባለጉዳይ ብቻ ነው። የሚገለበጥ ወረቀት ይዘዋል?»

ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ መታወቂያውን አውጥቶ ሰጠኝ። ቀስ ብዬ፣ የፊቱንም የኋላውንም፣ ማሽኑ እስኪሞቅ ጠብቄ ገለበጥኩለት። ከፊቱ የቆመች አንዲት አሮጊት እግሩን ሲያቆላልፍ አይታ አዘነችለት።

«ልጄ፣ ቸኩለህ ከሆነ እለፍ፣ እኔ ካንተ በኋላ እገባለሁ» አለችው።

«አይሆንም እማማ» አልኩ። «ተራ ተራ ነው። ስማቸው ሲጠራ ከሌሉ ደግሞ ነገ ይምጡ።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ካለው ፎቶ ጋር ተጋጨ። ላብ በላብ ሆኖ ቆመ፤ መሄጃ የለውማ። ተራው ሲደርስ ቁልፉን ሰጠሁት። አላዘንኩለትም፤ ዛሬም አላዝንም።

ከዚያ ወጥቶ ለሥራ አስኪያጁ ሲደውል ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማል። ሥራ አስኪያጁ እየከነፈ ደረሰ። እኔም ቤቴን ዘግቼ ተከተልኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሊያመልጠኝ ነው? አዳራሹ ጢም ብሏል። እህቴ የተቆለፈው በር አጠገብ ከሁለት የጥገና ሠራተኞች ጋር ቆማለች።

«ለጊዜው ከግቢው መስመር የላስቲክ ቱቦ ዘርጊና በደረጃው በኩል ለኃላፊው ቢሮ ውሃ አድርሺ» አላት ሥራ አስኪያጁ። «ሌላው በኋላ ይደርሳል።»

«ለአንድ ሰው ብቻ ውሃ አልዘረጋም።»

«እባክሽ ነገር አታክርሪ። አዲሱ ፎቅ አለ፣ የስንት ሰው እንጀራ ነው!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄን ላስቲክ ካልዘረጋሽ ነገ ቢሮ እንዳትመጪ።»

 ያን ቢሮ እህቴ ምን ያህል እንደምትወደው አውቃለሁ፤ ከትምህርት እንደወጣች የገባችበት ነው። ፊቷን ወደ ወረፋው አዞረች። ከዚያ ጮክ ብላ፣ ለሱም ለአዳራሹም፣ እንዲህ አለች፤

«አባቴ እዚህ ወረፋ ላይ ልብሱ ላይ ሸና። ከባድ መኪና ሙሉ ጭነት ተራራ ላይ ሲያወጣ የኖረ ሰው፣ አሁን ከመስኮት እንኳን አያይም። ሽንት ቤቱ አስር እርምጃ ላይ ነበር፣ በተሰበረ ወንበር ተዘግቶ። ነገ አልመጣም። ዛሬ ግን ይሄ በር ይከፈታል፤ ፏፏቴው ይቅር!»

 አባባ ይሄ በአደባባይ መነገሩን ቢሰማ ምን ይላል ብዬ ደነገጥኩ፤ ግን ከወረፋው ማንም አልሳቀም። አንዷ «የኔም ባለቤት» አለች። አንዱ «እኔስ» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

ኃላፊው «እኔ እኮ እምቢ አላልኩም» አለ። «ኮሚቴው ነው። ሰብሳቢ በሌለበት የመንግሥት ንብረት ማን ያስወጣል?»

ይሄኔ ከመካከል ባለ ከረባቱ ሽማግሌ ተነሳ፤ ያ ደረት ኪሱን እየዳበሰ ቁልፍ የሚለምነኝ ሰውዬ። ከረባቱን አስተካከለ።

«ምትክ ተሹሟል?» ብሎ ኃላፊውን ጠየቀው።

«አልተሾመም።»

«እንግዲያው ሰብሳቢው አሁንም እኔ ነኝ። እዚሁ ሆኜ ወረቀቴን እየጠበቅሁ ነው። ርክክብ አላደረግሁም፣ ያወረደኝም የለም።» ወደ በሩ ዞረ። «ፈቅጃለሁ። ይውጣ።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ንብረት ክፍሉ ኃላፊውን አየ፣ ኃላፊው ጣሪያውን አየ። ከዚያ ኃላፊው ደረጃውን ወጣ፤ ንብረት ክፍሉም ጓጉንቸሩን ከፈተ። ወረፋው ፈርሶ ወደ ክፍሉ ጎረፈ። ምርኩዝ የያዘው ምርኩዙን ለጎረቤቱ አስይዞ ወንበር ተሸከመ። እኔ አንድ እግር አልባ ጠረጴዛ ከአሮጊቷ ጋር አወጣሁ፤ እንዳግዛት ብፈልግ እሷ እኔን ትጎትተኛለች። ግማሹ ወንበር ለካስ ደህና ኖሯል፤ መደገፊያው የላላ ብቻ ነው። ያወጡት ሰዎች ግቢው ውስጥ ደርድረው ተቀመጡበት።

እህቴ ሥራዋን አጣች። ሥራ አስኪያጁ ቃሉን አልበላም፣ እሷም አልለመነችውም። ሽንት ቤቱን ግን እስከ መጨረሻው በየቀኑ እየመጣች ተቆጣጠረች። ጥበቃው ሊያስቆማት ሲሞክር «አልቀጠራችሁኝም፣ በምን ታባርሩኛላችሁ?» ብላው አለፈች። ለወንድ፣ ለሴት፣ ለአካል ጉዳተኛ፤ መደገፊያ ብረት፣ የማያንሸራትት ወለል፣ የእጅ መታጠቢያ። የውጪው በር ላይ ቁልፍ እንዳይገጠም ራሷ ቆማ አየች። ድርጅቱ ለፏፏቴው ያሠራው የድርጅቱ ስም የተቀረጸበት እብነ በረድ ነበር፤ ፏፏቴው ሲቀር መስቀያ አጣ። የጥገና ሠራተኞቹ ከወንዶቹ መሽኛ በላይ ሰቀሉት። ሥራ አስኪያጁ ሊያስነሳው ደብዳቤ ጽፏል አሉ፤ ጉዳዩ ኮሚቴ ዘንድ ነው።

ቧንቧ አሁን ቤቴ ውስጥ፣ ከፎቶኮፒው ማሽን አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግታ በግሏ ትሠራለች። ሥራ አንዳንድ ቀን አለ፣ አንዳንድ ቀን የለም። በሌለበት ቀን ማሽኔን ልፈታታው ትላለች፤ እኔ እጇን እመታለሁ።

አባባ ግን ሽንት ቤቱ ካለቀ በኋላም እምቢ አለ። «እዚያ ያለ ሰው ሁሉ አይቶኛል» አለ። እህቴ የጡረታ ወረቀቱን ነገር አላነሳችበትም። አጠገቡ ቁጭ ብላ «አባባ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ስሠራ አንድ ቀን መጥተህ ሥራዬን አይተህ አታውቅም» አለችው ብቻ። በማግስቱ ጠዋት ስንነሳ ጢሙን ተላጭቶ፣ ያንኑ ኮት ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ አገኘነው።

ስንሻገር በግራና በቀኝ ያዝነው፤ እጃችንን አራገፈው። በሩ ላይ ያው ጥበቃ ነበር። አባባን ያውቀው አይመስልም፤ «ምን ጉዳይ ነበረዎት አባቴ?» አለ።

አባባ በድሮ ድምፁ፣ የመኪና ሞተር ላይ ሲጮህ በኖረበት ድምፅ «ጉዳይ የለኝም» አለ። አዳራሹ ሁሉ ዞረ። «ልጄ የሠራችውን ሽንት ቤት ልጠቀም ነው የመጣሁት።»

ገባ። ቆየ። እኔ ጥፍሬን እበላለሁ፣ እህቴ የግድግዳውን ቀለም ታያለች። ሲወጣ ሁለት እጁ በውሃ ርሷል። ቀጥ ብሎ ወደ ጥበቃው ሄደና እጁን ዘረጋለት፤ ጥበቃውም ግራ ገብቶት ጨበጠው። አባባ እስኪበቃው ነቀነቀው። ከዚያ ለጡረታ ወረቀቱ ተራ ወስዶ ሰው መሃል ተቀመጠና እግሩን አነባብሮ እኛን አየን።

«ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? ሂዱ ወደ ሥራችሁ» አለ። «እኔ ዛሬ አልቸኩልም።»